«ይነዳል» የሚል መኪና

መጋረጃ ሰፊዋ ሴት ፊደል ከቆጠረች ወዲህ ከተማው ጫጫታው በዝቶባታል። ድሮ ዝም ብለው የሚያሳልፏት ግድግዳዎች፣ የሱቅ በሮችና የአውቶብስ ጀርባዎች አሁን ሁሉም ካላነበብሽኝ ይሏታል። እሷ ደግሞ ተጠርታ ሳትመልስ የምታልፍ ሴት አይደለችም። ቆም ትላለች፤ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ አንዱን ፊደል ከሌላው ጋር እየሰፋች ቃሉ እስኪቋጭላት ትጠብቃለች። ከዚያ ወደ ልጇ ዘወር ትልና ማንም ያልሰማውን ወሬ እንደምታካፍል ሁሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እዚህ ጋ ጎማ ይነፋል አሉ» ትለዋለች።

ልጇ ትልቅ ሰው ነው። የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነው። የሰው መኪና ሲያጥብ፣ የሰው መኪና ሲያሞቅ፣ ከኋላ ለሚቀመጥ አለቃ በር ሲከፍትና ሲዘጋ ጺሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ማለት ጀምሯል። ያን ቀን እረፍቱ ነበር። ጫማውን ወልውሎ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ እናቱን ይዞ ወጣ።

«እማዬ፣ ዛሬ እንኳ ሰሌዳውን ተይው። ሰው እየጠበቀን ነው።»

«አንተ ቅደም፣ እደርስብሃለሁ። ይቺ ግድግዳ ላይ ያለችው ረጅም ናት።»

«ምን ትላለች?»

«እዚህ... ቦታ... መ...ሽ...ና...» አለችና አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። «ውይ! ሂድ ወደዚያ! ይሄንንም ይጽፉታል?»

ልጇ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሷም ሳቀች። እንዲህ አብረው መንገድ ላይ ከሳቁ ቆይተዋል። ልቧ ግን ሙሉ በሙሉ አልሳቀም፤ የት እየወሰዳት እንደሆነ ታውቃለችና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጇ አለቃውን ሲያመላልስ በአንድ ግቢ በር ያልፋል። በሩ ክፍት ሲሆን፣ ዛፍ ሥር የቆመ አንድ ትልቅ ጥቁር መኪና ይታየዋል። በደህናው ጊዜ ባለሥልጣን የሚቀመጥበት ዓይነት ነበር። አሁን ግን ጎማው ተኝቶ፣ ጣሪያው ላይ የወፍ ኩስ ደርቆበት፣ ሸራው ተቀዶ እንደ ተረሳ እንግዳ ቆሟል። ዋጋው ለስሙ የማይመጥን ርካሽ ነው። ልጇ ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። «እማዬ፣ ሙሽሮች አዲስ መኪና ሳይሆን ግርማ ያለው መኪና ነው የሚፈልጉት። ቅዳሜና እሁድ ሙሽራ ባመላልስ ለአንድ ሰው በር የምከፍተው በገዛ መኪናዬ ይሆናል» አላት። ገንዘቡን አልጠየቃትም፤ ለፍቶ አጠራቅሟል። የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሺ እንድትለው። «አንቺ እሺ ካላልሽ አልገዛም። ካለ አንቺ እሺታ አንድ ቀን ብነዳው እንኳ ደስ አይለኝም» ብሏታል። እሺታዋ እንዲህ የከበደበት ምክንያት ለሁለቱም ግልጽ ስለነበር አላነሱትም።

በሩን የከፈቱላቸው ባለ መኪናው ራሳቸው ናቸው። ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ ሰው ሲያናግሩ ዓይናቸው ወደ አፍ ይሄዳል።

«ግቡ፣ ግቡ። እናትህን ይዘህ መጣህ? ጎበዝ። መካኒክ ሞተር ነው የሚያየው፤ እናት ግን ሻጩን ነው የምታየው።»

«ኧረ ዶክተር፣ እሷ እንኳ መጀመሪያ የምታየው መጋረጃ ነው» አለ ልጇ።

እውነቱን ነው። መጋረጃ ሰፊዋ መጀመሪያ ያየችው የኋላ መስኮቱን ትንንሽ መጋረጃዎች ነበር። መኪና መጋረጃ እንዳለው እስከዚያች ቀን አታውቅም። ፀሐይ በልቷቸው እንደ ሸረሪት ድር ሆነዋል፤ እጥፋታቸው ግን እኩል ነው፤ የሰፋቸው ሰው ሥራውን የሚወድ እንደነበር ያስታውቃል። ሐኪሙ የኋላውን በር ከፈቱላት። እጇን ቆዳው ወንበር ላይ አሳረፈች። ቆዳው ተሰነጣጥቋል፤ ጥግ ጥጉን አይጥ ቀዶ ጥጡን አውጥቶታል፤ ስፌቱ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ፊት ለፊት ያለው እንጨት ውኃ ገብቶበት አብጧል፤ መሀሉ ላይ የቆመች ክብ ሰዓት አለች። በሩን መልሳ ስትዘጋው ጓ አላለም፤ ድም ብሎ፣ እንደ ጨዋ ሰው ገጠም አለ።

«በሩን ሰማሽው?» አለ ልጇ። ዓይኑ የሕፃን ዓይን ሆኗል።

«ሰማሁት» አለች። እሷም ልቧ ሊለሰልስ ምንም አልቀረውም። ‹እሺ› የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ድረስ መጥታ ነበር።

ሊወጡ ሲሉ ግን የፊት መስታወቱ ሥር ያለውን ካርቶን አየችው። ሐኪሙ በወፍራም ቀለም ሁለት ቃላት ጽፈውበታል። ጽሑፉ ጠራት፤ ቆመች።

«ይ...ሸ...ጣል» አለች። ጥሩ። ቀጠለች። «ይ...ነ...ዳል።»

ፊቷ ተለወጠ።

መልሳ አነበበችው፤ ያው ነው። ይነዳል። እሳት እንደሚነድ፣ እንጨት እንደሚነድ፣ ‹ነ›ን አላልታ፣ ‹ዳ› ላይ ጠበቅ አድርጋ። ይነዳል! ሰውየው አልደበቁም ማለት ነው፤ በቀለም ጽፈው መስታወት ላይ ለጥፈውታል።

«እንሂድ» አለች።

«ምን ሆንሽ እማዬ?»

«እንሂድ አልኩህ! እሳቸው ራሳቸው ጽፈውት፣ አንተ ዓይን የለህም? ይነዳል ይላል እኮ! እዚሁ ላይ ይነዳል ይላል!»

ሐኪሙ ግራ ገብቷቸው ካርቶኑን አዩ። ከዚያ ገባቸውና እስከ መንጋጋቸው ድረስ ከፍተው ሳቁ። «አይ እርስዎ! እሱማ ይነዳል ነው! ይሽከረከራል፣ ይሄዳል ማለቴ ነው! የቆመ ሲያዩ ‹ሬሳ ነው› እያሉ ዋጋ የሚሰብሩ ስለበዙብኝ ነው የጻፍኩት።»

ሐኪሙ ሲሉት ‹ነ› ጠብቃለች። ያቺ አንዲት ፊደል አፋቸው ውስጥ ትንሽ ረግጣ ስታልፍ ሰማቻት። ካርቶኑ ላይ ግን ፊደሏ ስትረግጥ አትታይም። ልጇም ሊስቅ ጥርሱ ብልጭ ብሎ ነበር፤ የእናቱን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠው።

«ዶክተር፣ ሌላ ቀን እንመለሳለን» አለና ክንዷን ያዘ።

«አንመለስም» አለች እሷ፣ ወደ መሬት እያየች።

በመመለሻቸው አንድም ሰሌዳ አላነበበችም።

ባሏ ታክሲ ነጂ ነበር። ሲስቅ ከጎረቤት ይሰማ ነበር። የታክሲው የቤንዚን ጎማ፣ ቤንዚኑ የሚያልፍበት ቱቦ፣ ተሰንጥቆ፣ በፌስታል ቁራጭ ጠምጥሞ አስሮት ነበር። ‹ይሸታል እኮ› ስትለው ‹ነገ አስቀይረዋለሁ› ይላል። ነገ ይነጋል፤ እሱም ‹ነገ› ይላል። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ መንገድ ዳር፣ ታክሲው ነደደ። ሰው አልተጎዳም። ተሳፋሪዎቹም ወረዱ፤ እሱም ወረደ። አስፋልቱ ዳር ቆሞ እስከ መጨረሻው አየውና ቁልፉን ብቻ ይዞ ቤቱ ገባ። ሰው ሁሉ ‹እንኳን ነፍስህ ተረፈ› አለው። ነፍሱ ተርፏል፤ ያ ሳቅ ግን አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ የአንድ መጋዘን ዘበኛ ሆኖ፣ የጠየቁትን ብቻ እየመለሰ ኖረ። በበሽታ ሲያርፍ የሞተው ሁለተኛ ሞቱን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ልጁ ግን ያንን ዝምታ እየቆጠረ ነው ያደገው። ቁልፉ ዛሬም በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ማንም አያነሳውም፤ ማንም አይጥለውም።

ልጇ ስለ መኪናው ሁለተኛ አላነሳም። ጉዳዩ እዚያው አለቀ። አለመጣላቱ ነበር የባሰው። ቢያኮርፍ ታባብለው ነበር፤ ቢቆጣ ትቆጣው ነበር። እሱ ግን እንደ ወትሮው ይወጣል፣ ይገባል፣ ‹እንዴት ዋልሽ› ይላል፣ ያቀረበችለትን ይበላል። ሥራ እንዴት ነው ስትለው «ደህና ነው» ይላታል። አለቃህስ ስትለው «ደህና ነው»። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ዘይት ይጥላል ያልከውስ? «ደህና ነው።» የስፌት መኪናዋን እየረገጠች በመርፌው ድምፅ መሀል ጆሮዋን ወደ እሱ ታቀናለች። ሲያጉረመርም፣ ሲያፏጭ፣ አንድ ነገር ሲል ለመስማት። ምንም። ይህን ዝምታ ታውቀዋለች። አንድ ጊዜ ከአስፋልት ዳር ቁልፍ ይዞ የገባው ዝምታ ነው።

‹ያዳንኩት መስሎኝ ነበር› አለች በልቧ።

ትምህርቷ ከሰዓት በኋላ፣ ሕፃናቱ ከተለቀቁ በኋላ ነው። ወንበሮቹ ለሕፃን የተሠሩ ስለሆኑ ትልልቆቹ ተማሪዎች ጉልበታቸው ደረታቸውን እየነካ ይቀመጣሉ። መምህርቷ ልጅ እግር ናት፤ ከተማሪዎቿ የሚበዙት በዕድሜ እናቷ ወይም አባቷ ይሆናሉ። መጋረጃ ሰፊዋ ጥያቄ ጠይቃ አታውቅም ነበር። ያን ቀን እጇን አወጣች።

«መምህር፣ አንድ ቃል ሁለት ነገር ከሆነ በምን ይለያል?»

«የትኛው ቃል እማማ?»

«ይነዳል።»

መምህርቷ ፈገግ አለች። «ጠብቆና ላልቶ የሚነበብ ነው። ገና ልደርስበት ነበር፤ ቀደሙኝ።» ሰሌዳው ላይ ቃሉን ብቻውን በትልቁ ጻፈችውና ወደ ክፍሉ ዞረች። «እስቲ ሁላችሁም አንብቡት።»

መጀመሪያ ያነበቡት አንድ ሽማግሌ ናቸው። አሁን የባንክ ዘበኛ ናቸው፤ ያደጉት ግን ከብት ውስጥ ነው። ‹ነ›ንም ‹ዳ›ንም አላልተው፣ «ይነዳል። ከብቱን ነዋ! ሌላ ምን ይነዳል?» አሉ። ዳቦ ጋጋሪዋ ቀጠለች። «ኧረ አባባ፣ ይነዳል ነው! ምድጃው! እርጥብ እንጨት አምጥተውልኝ ጠዋት እንደምንም ነው የነደደልኝ።» የአውቶብስ ትኬት ቆራጩ ደግሞ ‹ነ›ን ረግጦ፣ «ይሄማ መኪና ነው። ይነዳል። ማርሽ ካልገባ ግን አይነዳም» አለ። ክፍሉ ጫጫታ ሆነ። እያንዳንዱ የራሱ ትክክል ነው ብሎ ተሟገተ። ዘበኛው ዳቦ ጋጋሪዋን «እሳት ብቻ ነው የምታውቂው» አሏት፤ እሷም «እርስዎስ ከላም ሌላ ምን ያውቃሉ?» አለቻቸው።

መምህርቷ ጠመኔዋን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገች። «ሁላችሁም ልክ ናችሁ። ቃሉ ብቻውን ሲቆም ሰው ሁሉ የራሱን ነው የሚያነበው። ለዚህ ነው ዓረፍተ ነገር የምንሠራው። እማማ፣ ጥያቄው የእርስዎ ነው፤ ይምጡና ዓረፍተ ነገር ይሥሩበት።»

ሰሌዳው ፊት ቆማ አታውቅም ነበር። ጠመኔው በእጇ ላብ ራሰ። የመጣላትን ጻፈች፤ ሌላ ምን ይመጣላታል? እየዘገየች፣ ፊደሎቹ እንደ ልጅ ጥርስ አንዱ ገባ ሌላው ወጣ እያሉ፣ ‹ልጄ ይነዳል› ብላ ጻፈች።

«ያንብቡት» አለች መምህርቷ።

«ልጄ... ይ...ነ...»

ሳታስበው ‹ነ› ላላችባት።

«ልጄ ይነዳል» አለች። ልጄ ይነዳል። ውስጥ ውስጡን፣ ጢስ እንኳ ሳያወጣ፣ ‹ደህና ነው› እያለ። በገዛ እጇ ጻፈችው፤ በገዛ አፏ አነበበችው።

መምህርቷ ምንም አላወቀችም። «አሁንም ሁለቱም ይሆናል፤ አልተለየም» አለች። «አንድ ቃል ይጨምሩበት።»

መጋረጃ ሰፊዋ ሰሌዳውን አየችው። በሁለቱ ቃላት መሀል ክፍተቱ ጠባብ ነበር። ጨርቅ ሲያንሳት ቁራጭ እንደምትሰፋበት ፊደሎቹን አሳንሳ፣ አጨናንቃ፣ መሀል ላይ ‹መኪና› አስገባች። ልጄ መኪና ይነዳል። አነበበችው። ከዚህ በኋላ ወደ ሌላ ሊዞር አይችልም።

«እሰይ!» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። «ሹፌር ነው ልጅሽ?»

«ሹፌር ነው» አለች። «የአባቱ ልጅ።»

ማታ ልጇ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ጠበቀችው።

«ያ መኪና ተሸጠ?»

«የቱ መኪና?»

«ስንት መኪና አለህና ነው የቱ የምትለኝ?»

ቀና ብሎ አያት። «ትናንት ሳልፍ እዚያው ነበር» አለ። በየቀኑ እያየው እንደሚያልፍ ነገራት ማለት ነው።

«እንግዲያው መካኒክ ይዘህ ሂድ። እኔም እመጣለሁ። ደግሞ እሺ አልኩ እንዳትል! እመጣለሁ ነው ያልኩት።»

«እሺ እማዬ።»

«እሺማ ያልከው አንተ ነህ» አለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሩ ትንሽ ፈታ አለ።

መካኒኩ አፉ ውስጥ ሲጋራ ሰክቶ የሚሠራ ሰው ነው። ገና ሰላም ሳትለው፣ «እሱን ጣለው!» አለችው።

«አልተለኮሰም እማማ። ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ ለአፌ ያህል ነው።» የሞተሩን ክዳን ከፈተና አንገቱን ነቀነቀ። «አቤት እሜቴ! በደህና ቀን ቢያገኙኝ ምን ነበር?» እያለ፣ መኪናውን እንደ ትልቅ ሰው እያነጋገረ እጁን ሰደደ። ሐኪሙ ከደረጃው ላይ ሆነው ያያሉ፤ ስለ ካርቶኑ አላነሱም። ካርቶኑም ከመስታወቱ ተነስቷል። ጨዋ ሰው ናቸው።

«የቤንዚን ጎማውን አሳየኝ» አለች እሷ።

መካኒኩ በጣቶቹ ጫን ሲለው ጎማው እንደ ደረቀ ተረከዝ ተሰነጣጠቀ። እናት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ልጇ አጠገቧ ቆሞ ነበር፤ አልነካትም።

«አይደንግጡ» አለ መካኒኩ። «የቆመ መኪና ሁሉ ጎማው እንዲህ ነው። እንዲህ እንዳለች ቢነዷት ኖሮ አዎ፣ ትነድ ነበር።»

«በምን ታስረዋለህ?» አለችው። ድምፅዋ ቀጥኗል። መልሱን ሳይሆን ሰውየውን እየመዘነች ነው።

«ማሰር?» መካኒኩ ሲጋራውን ከአፉ አወጣ። «ምን ማሰር አለ እማማ? ይቀየራል እንጂ! ይሄም፣ ይሄም፣ ሽቦውም። ከዚያ በፊት ቁልፍ አይዞርም።»

ወደ ልጇ ዞረች። አሁን ጥያቄው የእሱ ነው። ልጇ ሸሚዙን የሚያስተካክል መስሎ እጁን ደረቱ ላይ አሳረፈ።

«እማዬ፣ ነገ አልልም» አለ።

ሐኪሙና መካኒኩ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልገባቸውም። ለእሷ ግን ከምስማሩ ላይ አንድ ነገር የወረደ ያህል ቀለላት። ወንበሩን፣ ቀለሙን፣ የቆመችውን ሰዓት ሁሉ ትታ፣ «መጀመሪያ ጎማው» አለች። «ከዚያ እሺ።»

መጋረጃዎቹን ማንም ሳይጠይቃት ሰፋቻቸው። አሮጌውን ፈትታ እጥፋቱን ለካች፤ እንደ ድሮው ሰፊ እኩል አድርጋ አጠፈችው፤ ይህን ልጇም ልብ አላለውም፣ እሷም አልነገረችው። የቤንዚን ጎማው ተቀየረ፤ ሽቦው ተቀየረ፤ የተኙት ጎማዎችም ተነፉ። ቆዳው ግን እንደተሰነጠቀ ነው፤ ቀለሙም ገና ነው፤ ሙሽራ ለመጫን ብዙ ይቀረዋል።

ቁልፉ የዞረ ቀን ከኋላ ወንበር፣ ከመጋረጃዋ አጠገብ ተቀመጠች። ሞተሩ አንድ ጊዜ አሳለው፤ ሁለተኛ አሳለው፤ ከዚያ ከጀርባቸው ጥቁር ጢስ ተፋና ተነሳ። እጇ በሩን ጨመደደ። ልጇ በመስታወቱ ውስጥ አያት። ማርሽ አላስገባም። እንደ አለቃ ሳይሆን እንደ እናት እየጠበቃት ነው። ‹አጥፋው› ብትለው ያጠፋዋል፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

አፏን ከፈተች። የምትለውን ቃል በልቧ አስቀድማ አነበበችው። እሳትን ሲያዙት ንደድ ነው፤ ሰውን ሲያዙት ግን ሌላ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ መንገዳቸው ይለያያል፤ መሳሳት አይቻልም።

«ንዳ» አለችው።

ነዳ። መኪናው ከግቢው ወጥቶ አስፋልቱን ያዘ፤ ጢሱም እየሳሳ ሄደ። ከፊት ወንበር አንድ ድምፅ መጣ። ልጇ እያፏጨ ነው፤ ዜማውን ለማወቅ ጆሮዋን ስታቀና የሱቆቹ ሰሌዳዎች በመስኮቱ እየተሯሯጡ አለፉ።

«ቀስ በል!» ብላ ጮኸች። «አንተ ልጅ፣ ቀስ በል እንጂ! ገና ግማሹ ላይ ነኝ!»